ከአስፋልቱ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ

ይሩሐም ሊነጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣
ፒክአፑን ሳስነሳ የሚቀድመኝ የለም።
ከኋላ መረብ፣ ብልቃጥ፣ አልኮል በጀሪካን፣
ከጎኔ ዶክተር ቲርጻ፣ ያልጨረሰች እንቅልፏን፤
ራሷን ስትነቀንቅ፣ እሺታ ይሁን ሸለብታ
አልጠይቅም። እነዳለሁ። ጸጥታ።

ሥራችን ፌንጣ ነው።
ክንፍ የሌለው፣ አመድማ፣ ጠጠር የመሰለ፣
ጫማህ ሥር ቢውል እንኳ "አለሁኝ" ያላለ፤
ሲደነግጥ ይዘላል፣ ግን ክንድ እንኳ አይርቅ፣
ከተፈለፈለበት ቁጥቋጦ ወዲያ አገር አያውቅ።

አንበጣማ ሌላ ነው! ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣
ከሱዳን እስከ ሲና በነፋስ ተሳፍሮ፣
የትም ቢይዙት፣ የትም ቢመረምሩት፣
አንድ ነው ንግግሩ፤ ሰማይ ነው የእርሱ ቤት።
ይሄ ግን እግረኛ፣
የአንድ ጉድባ እስረኛ፣
ከሸለቆ ሸለቆ፣ መልኩ ሳይለያይ፣
ቃሉ ይለያያል፣ በማሽኑ ሲታይ።

ቲርጻ ናት ያስረዳችኝ።
እኔ ሀ ሁ ብዬ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ቆጥሬ፣
ሃያ ሁለቱን ደግሞ ኡልፓን ገብቼ ተምሬ፣
በአራት ፊደል ብቻ ይህ ሁሉ ፍጥረት
መጻፉን ስሰማ፣ ስንት ሌሊት
አልተኛሁም። ጸሐፊው እንቅልፍ ጥሎት
አንዷን ፊደል በሌላ ቢለውጥስ? ማን አይቶት?
"እሱን ነው" አለች ቲርጻ፣ "እኛ የምንፈልገው፤
ሸለቆን ከሸለቆ የሚለየው፣ የጸሐፊው እንቅልፍ ነው።"

ማታ ደጅ ላይ ስቀመጥ፣ ጎረቤቴ ሳሊም፣
የሰንዓ ሰው፣ አንበጣን በጨው ቆልቶ ያደገ፣ አያልፈኝም።
"ዛሬስ ስንት ያዛችሁ? ወፈር ይላል? ላምጣ ድስት?"
"ክንፍ የለውም" ስለው፣ ትካዜ ወደቀበት።
"አራት ክንፍ ከሌለው አልተፈቀደም፤ ይሂድ በሰላም፤
ከሴትዮዋ ብልቃጥ እንጂ ከእኔ ድስት አይገባም።"

በእርሳስ ነው የሚጻፈው፤ ቀለም በአልኮል ይሟሟል።
ቦታ። ቀን። ከፍታ። ሰብሳቢ። ይሞላል።
መታወቂያዬ ሺሞን ይላል፤ የደረስን ዕለት ጧት
ጸሐፊዋ ስሜን ጠይቃ፣ ተርጉማ ጻፈችው በፍጥነት።
(እሷም እንቅልፍ ጥሏት ይሆናል።)
ብልቃጡ ውስጥ ግን ይስማው ነኝ፤ በእርሳስ፣
ከፌንጣው እግር ሥር፣ ማንም ሳይደመስስ።

ከከተማው በስተደቡብ፣ ሸለቆውን ለሁለት የከፈለ
አስፋልት አለ፤ ስልሳ ዓመት የተኛ፣ ንቅንቅ ያላለ።
ለፌንጣ፣ አንድ ክረምት አንድ ትውልድ ነው።
ስልሳ ዓመት፣ ለእኛ የአባቴ ዕድሜ፣
ለእነሱ ግን ከኦሪት ወዲህ ያለው።
ወዲህ ያሉት ቀይ ነጥብ፣ ወዲያ ያሉት ሰማያዊ፤
በቲርጻ ሰንጠረዥ ላይ፣ እንደ ተኳረፈ ዘመድ፣
አንዱ ካንዱ ፈቀቅ ብሏል፤
ማንም አላጣላቸውም። መንገድ ነው የተሠራ።

ትናንት፣ ቲርጻ ወዲያ ማዶ ጎንበስ ብላ ስትቆጥር፣
መሃል አስፋልት አየኋት፣ ነጩ መስመር ላይ፣
ሆዷ በእንቁላል ከብዶ፣ ፊቷን ወደ ማዶ፣
እንደማታውቀው ሰው በር ቆማለች።
ከሩቅ የፎስፌት ካሚዮን ያጓራል።
ብልቃጤ ክፍት ነው፤ እርሳሴ ጆሮዬ ላይ።
ቦታ ብዬ ልጻፍ? የቱን ቦታ?

አነሳኋት። እግሯ መዳፌን እንደ መርፌ ወጋኝ።
ፊቷን ወዳዞረችበት ወስጄ፣ ከአንድ ድንጋይ ጥላ
አኖርኳት። ካሚዮኑ አለፈ፤ አቧራው በኋላ።
ቲርጻ ቀና ብላ "አገኘህ?" አለችኝ።
"ምንም" አልኳት።

ከዛሬ ስልሳ ዓመት፣ ገና ያልተወለደ ተማሪ
በሰማያዊው መንጋ ውስጥ አንድ ቀይ ነጥብ አይቶ፣
"ይሄ በየት ተሻገረ?" ቢል ራሱን አክኮ፣
እኔ ነኝ። በእርሳስ አልጻፍኩትም።
የሚሰማ ካለ፣ ይስማው።